የጋሽ ቲጃኒን ጉልበት ያጠፈው ረዳት

ጋሽ ቲጃኒ በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ረዳቱን ቱሉን ያላዘዘው ነገር ቢኖር በእሱ ፋንታ እንዲሞትለት ብቻ ነው። ሌላውን ሁሉ አዞታል። ከመኪና ሥር ግባ ብሎታል፣ ገብቷል። ጊቤ ቁልቁለት ላይ ፍሬን አልይዝ ሲል ዝለልና ጎማው ሥር ታኮ ወሽቅ ብሎታል፣ ዘሎ ወሽቋል። ሰቃ መንገድ ላይ ጭቃው መኪናውን እስከ ጋቢናው ሲውጠው ግፋ ብሎታል፣ ገፍቷል፤ ከዚያ ጭቃ ሲወጣ የወለደችው እናቱ እንኳ ብታየው የማን ልጅ ነህ ብላ ነበር የምትጠይቀው። ቱሉ የፈታውና ያሰረው የጎማ ብሎን በሰልፍ ቢደረደር ከጅማ ተነስቶ፣ ጊቤን ተሻግሮ፣ ወሊሶ ላይ ምሳውን ይበላ ነበር።

ረዳት ሲባል አፍንጫውን ያልጠረገ ልጅ የሚመስለው ካለ ተሳስቷል። ቱሉ አርባ አምስት ዓመቱ ነው። የደዶ ሰው ነው፣ የሦስት ልጆች አባት ነው። የጭነት መኪና መንጃ ፈቃድ ካወጣ አራት ዓመት ሞልቶታል። በላስቲክ ጠቅልሎ በደረት ኪሱ ይዞት ይዞራል። የቡና ወቅት በመጣ ቁጥር ጋሽ ቲጃኒ ትከሻውን መታ አድርጎ፦

«ወላሂ ቱሉ፣ ጉልበቴ የደከመ ቀን መሪው ያንተ ነው» ይለዋል።

ጉልበቱ ደከመ። መሪው ግን አልመጣም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የጋሽ ቲጃኒ መኪና ኤንትሬ ነው፣ ጣሊያን ሠርቶ የረሳው አሮጌ ፊያት። የኤንትሬ ፍሪሲዮን መርገጥ እምቢ ያለ በሬን በግንባሩ ወደ ኋላ እንደመግፋት ነው። ያን ፍሪሲዮን አርባ ዓመት የረገጠ ግራ ጉልበት በመጨረሻ አለቀ። ሲራመድ ከመንቋቋቱ የተነሳ መስጊድ ውስጥ ያሉ ሰዎች ገና በሩ ላይ ሳይደርስ «ቲጃኒ መጣ» ይሉ ነበር። በሁለት ሺህ ዘጠኝ መስከረም ልጁ ዩምና አዲስ አበባ ወሰደችውና ያለቀው ጉልበት ወጥቶ የብረት ገባለት። ሐኪሙን ዶክተር ዮኤልን፣ «ኦርጅናል ነው ወይስ የዱባይ?» ብሎ ጠይቆታል ይባላል። እኔ ይልም ይሆናል እላለሁ።

ዶክተሩ አልሳቀም። «ብረቱን ማስገባት የኔ ሥራ ነው፤ ማጠፍ የእርስዎ ነው። ዘጠና ዲግሪ ካልታጠፈ ፍሪሲዮን የሚባል ነገር አያስቡ» አለው።

ታዲያ ዶክተሩ ጅማ ድረስ እየመጣ አያሳጥፈውም። ዩምና ስልኩ ላይ አንድ አፕ ጫነችለት፣ «ጉልበቴ» የሚባል። ስልኩ በላስቲክ ማሰሪያ ከጉልበት በታች ቅልጥም ላይ ይታሰራል። ሰውየው ተረከዙን ወደ መቀመጫው ሲስብ ስልኩ ጉልበቱ ስንት ዲግሪ እንደታጠፈ ይለካል፣ ይቆጥራል፣ ለሐኪሙም ይልካል። በቀን ሦስት ጊዜ፣ በአንድ ጊዜ ሠላሳ። ውስጡ የተቀመጠች አንዲት ልጅ ደግሞ በድምፅ ታዛለች።

ጋሽ ቲጃኒ ቤቱ በገባ ማግስት ስልኩን አስሮ አልጋው ላይ ተንጋለለ።

«ተረከዝህን ሳብ» አለች ልጅቷ።

ሳበ። የጮኸው ጩኸት ከጅማ ወዲያ ሰርቦ ያለ በሬ አስደንብሮ እርፍና ቀንበር አለያየ።

«ጎበዝ ቲጃኒ! ሃያ ዘጠኝ ይቀርሃል!»

«ማነው አንተ? ማንን ነው አንተ የምትለው? የማን ልጅ ነች ይቺ?» ብሎ ትራሱን ወረወረ። ትራሱ ያረፈው ቱሉ ላይ ነው። የተወረወረ ነገር ሁሉ ማረፊያው ቱሉ ነው።

ሁለት ቀን እንዲህ ተሞከረ። በሦስተኛው ቀን ጋሽ ቲጃኒ ማሰሪያውን ፈታና፦

«ቱሉ፣ ና። እሰረው» አለ።

«እግርዎ ላይ?»

«እግርህ ላይ!»

ቱሉ አልገባውም። ጋሽ ቲጃኒ እንደ አስተማሪ ቀስ ብሎ አስረዳው። «ይሄ ኬላ ነው። ኬላ ላይ ስንደርስ ማነው ወረቀት ይዞ የሚወርደው?»

«እኔ።»

«ማህተም የሚያስመታው?»

«እኔ።»

«እኔ የት ነኝ?»

«ጋቢና ውስጥ።»

«እና ተግባባን። ይቺ ልጅ ማህተም ነው የምትፈልገው። አስመታላት። ጉልበቴ ጥቂት ቢያርፍ በራሱ ይለሰልሳል። ብረት ነው፣ ብረት ምን ይሆናል?»

አርባ ዓመት በኬላ ያለፈ ሰው ዓለም ሁሉ ኬላ ይመስለዋል። ቱሉ አልጋው አጠገብ ምንጣፍ ላይ ተንጋለለና ስልኩን ጤነኛ እግሩ ላይ አስሮ ሳበ። ሠላሳውን ሰው አስነጥሶ እስኪጨርስ ባለ ጊዜ ጨረሰው።

«መቶ አሥራ ሁለት ዲግሪ! ቲጃኒ፣ በጣም ኮራሁብህ!» አለች ልጅቷ።

ያን ጊዜ ነው ቱሉ መናደድ የጀመረው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ «ጎበዝ» የሚል ቃል ከጋሽ ቲጃኒ አፍ ወጥቶ አያውቅም። አሁን ወጣ፣ ከስልክ፣ ያውም በሌላ ሰው ስም! በቀን ዘጠና ጊዜ እየሳበ «ጎበዝ ቲጃኒ» ይባላል፣ ቲጃኒው ደግሞ በጎኑ ተኝቶ ሬዲዮ ይሰማል። በየመሃሉም «ቀጥ አድርገህ ሳብ፣ አታጭበርብር!» ይለዋል። አታጭበርብር!

ግቢው ውስጥ ኤንትሬው ሸራ ለብሶ ቆሟል። ውጭ ቡና ቀይ ሆኗል። ከሰርቦ ነጋዴዎች እየደወሉ «መኪናው ይመጣል ወይ?» ይላሉ፤ ቱሉ ስልኩን ይዞ ይገባል።

«ጋሼ፣ እኔ ልንዳውና ልመለስ።»

«ይሄን መሪ ከኔ በቀር የነካ እጁ ይቆረጣል።»

«ቃል ገብተውልኛል እኮ።»

«ጉልበቴ ከደከመ ነው ያልኩት። ደከመ? መቶ አሥራ ሁለት አይደለም እንዴ?»

ቱሉ ወጥቶ የኤንትሬውን ጎማ በእርግጫ መታው። የኤንትሬ ጎማ ድንጋይ ነው፤ ሁለት ቀን ራሱ አነከሰ። በሁለቱም ቀን ግን ሠላሳ ሠላሳውን ሳበ።

ሐኪሙ ለምን አላወቀም የሚል ይኖራል። ያን ጊዜ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ ዳታ ተዘግቶ ነበር። አፑ የቆጠረውን ሆዱ ውስጥ እያጨቀ ይጠብቃል። በስድስተኛው ሳምንት አዲስ አበባ ለምርመራ ይምጡ ተብሎ ነበር፤ መንገዱ አስጊ ነው ተባለና ቀረ። ዶክተሩ በስልክ ሲጠይቅ ጋሽ ቲጃኒ «አልሀምዱሊላህ» ይላል፣ በዚህ ያበቃል።

በኅዳር መጨረሻ ዳታው ተከፈተ። የሁለት ወር ቁጥር በአንድ ጊዜ አዲስ አበባ ገባ። በማግስቱ ዶክተር ዮኤል ደወለ። ጋሽ ቲጃኒ ድምፁን ከፍ አድርጎ ለቤቱ ሁሉ አሰማ።

«ጋሽ ቲጃኒ! ከበሽተኞቼ ሁሉ አንደኛ ነዎት! አንድም ቀን አላጎደሉም። የእርስዎን ውጤት ለባልደረቦቼ ሁሉ አሳየሁ!»

«አልሀምዱሊላህ» አለ ጋሽ ቲጃኒ፣ ጢሙን እየነካ።

«እንኳን በርትተው ሠሩ። ሌሎቹ በሦስት ወር ውስጥ ካላጠፉ ውስጡ ጠባሳ እየያዘ ይደርቃል። ከዚያ በኋላ እንደ ዱላ ቀጥ ብሎ ይቀራል። እርስዎ ግን ከዚህ ስጋት ወጥተዋል።»

ስልኩ ተዘጋ። ጋሽ ቲጃኒ ክራንቹን አንስቶ ወጣ። ቱሉና የጋሽ ቲጃኒ ባለቤት እትዬ ፈድሊያ ተከተሉት። የኤንትሬውን በር ከፈተ፣ መወጣጫውን በደህናው እግሩ ረገጠ፣ ቱሉ ከኋላ ደግፎ ሰቀለው። ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ። ግራ እግሩ ግን አልገባም። እንደ ዘነዘና ቀጥ ብሎ በበሩ ወደ ውጭ ቀረ። ጎተተው፣ በእጁ አነሳው፣ ተሳደበ፣ ቢስሚላህ አለ። እግሩ ውጭ ነው።

ከዚያ ዞሮ ቱሉን አየው።

«አንተ ሌባ! ሁለት ወር አጥፈህ አጥፈህ የራስህን ጉልበት አሳመርክ! የኔን ሰረቅከኝ!»

ጉልበት አጥፈህ ሰረቅከኝ የተባለ ሰው ከቱሉ በፊት አልነበረም። አውርዶ፣ ደግፎ፣ አልጋው ላይ አደረሰው። እየደገፈው ሳለም በክራንች ሁለቴ ተመታ።

እትዬ ፈድሊያ በጓሮ በኩል ጠራችው። ቀጭን፣ ድምፅዋ የማይሰማ ሴት ናት፤ አርባ ዓመት መንገድ መንገድ ስታይ የኖረች።

«ቱሉ ወንድሜ፣ ማሎ፣ እባክህ ዝም በል» አለችው። «ለዶክተሩ አትናገር። እንደዚሁ ይቅር።»

«እንዴት እንደዚሁ?»

«በክራንች መስጊድ ይሄዳል፣ ይመጣል፣ ቤቱ ይቀመጣል። ያ ጊቤ ስንቱን በላ! የኔን እስካሁን ማረልኝ። ከእንግዲህ መሪ አይዝም። መኪናው ደግሞ አይቆምም፣ የሚነዳው አንተ ነህ። ወላሂ እኔ ራሴ ነኝ ቁልፉን የምሰጥህ። ሦስት ወሩ እስኪሞላ አራት ሳምንት ዝም ማለት ብቻ ነው።»

ቱሉ የዚያን ቀን ከጅማ ከተማ ዳር እስከ ዳር በእግሩ ሄደ። ምን ያስቸግራል? ሰረቅከኝ ተብሏል፣ ተመትቷል። ዝም ማለት ብቻ ነው። ሰውየው ራሱ አይደል ያዘዘው? የደረት ኪሱን ነካ፣ ላስቲኩ ተንኮሻኮሸ። አራት ሳምንት፣ ከዚያ መሪው።

ግን በሄደ ቁጥር ንዴቱ እየባሰ መጣ። ሃያ ሁለት ዓመት የጠበቀው መሪ በጓሮ በር፣ በሹክሹክታ፣ ከሽባ እጅ ተለቅሞ ሊሰጠው ነው! ነገ ጋቢናው ውስጥ ቁጭ ሲል ሰው ምን ይላል? «ቲጃኒ ሲወድቅ ረዳቱ ወጣ» ይላል። ጋሽ ቲጃኒ ደግሞ ደጃፉ ላይ በክራንቹ ተደግፎ፣ ኤንትሬው ባለፈ ቁጥር «ሌባ!» ይላል፣ እስኪሞት ድረስ። የለም! ቱሉ ጎሚስታው ደጃፍ ላይ ቆሞ ጮክ ብሎ «የለም!» አለ። ጎሚስታው ጎማ የሚጠይቀው መስሎት «አለ እንጂ» አለው።

እዚያው ላይ የራሱን ስልክ አወጣና አዲስ አበባ ደወለ።

«ዶክተር፣ የጋሽ ቲጃኒ ረዳት ነኝ።»

«የምን ረዳት?»

«የመኪና። አሁን ደግሞ የጉልበት። ያ መቶ አሥራ ሁለት ዲግሪ የኔ ነው።»

ቱሉ ሁሉንም ነገረው፤ ኬላውን፣ ማህተሙን፣ በበሩ ውጭ የቀረውን እግር።

«አብዳችኋል?» አለ ዶክተሩ። «ይሄን ሁሉ ዓመት ተምሬ የመኪና ረዳት ጉልበት ሳሞግስ ከረምኩ? ጤነኛ ጉልበት! ለባልደረቦቼ አሳይቻለሁ እኮ!»

«ይስደቡኝ፣ ለምጃለሁ። መፍትሔውን ብቻ ይንገሩኝ።»

«አራት ሳምንት እሰጣችኋለሁ። ከዚያ ካለፈ አደንዝዤ አስተኝቼ በግድ አጥፈዋለሁ፣ እሱም ከሆነ ነው። ስማኝ፦ እጅህን እንዳታስጠጋው። ተጭነህ ላጥፍ ብትል ትሰብረዋለህ። ራሱ ነው የሚስበው። ከመጀመሩ ግማሽ ሰዓት በፊት ማስታገሻውን ይዋጥ፣ ሲያብጥ በረዶ ያዙለት። አንተ አበረታታው።»

«ማበረታታት አላውቅም» አለ ቱሉ።

«የምታውቀውን አድርግ!» ብሎ ዘጋው።

በማግስቱ ጠዋት ቱሉ ማስታገሻውን በውሃ ሰጠ፣ ግማሽ ሰዓት ጠበቀ፣ ስልኩን አንስቶ ጋሽ ቲጃኒ ቅልጥም ላይ አሰረው። አንድ የለስላሳ ሳጥን ገልብጦ ከእግሩ ግርጌ፣ ርግጫ በማይደርስበት ርቀት ላይ ተቀመጠ።

«ምን ልትሆን ነው?» አለ ጋሽ ቲጃኒ።

«ለዶክተሩ ተናግሬያለሁ። ይሳቡ።»

«ውጣ ከቤቴ!»

«ተረከዝህን ሳብ» አለች ልጅቷ። ጋሽ ቲጃኒ ሳበ፣ ጮኸ፣ ለቀቀ።

«አርባ አንድ ዲግሪ። ቲጃኒ፣ ዛሬ ምን ነካህ? ትናንት ጎበዝ ነበርክ!»

«ትናንት እኔ ነበርኩ» አላት ቱሉ። ወደ ጋሽ ቲጃኒ ዞረ። «እርስዎ ፈሪ ነዎት።»

«ማን? እኔ?»

«እርስዎ፣ አባኮ! ያ ጅማ ሁሉ የሚያወራው የጊቤ ታሪክ፣ ፍሬን ተበጥሶ ቲጃኒ መኪናውን በማርሽ ያቆመው የሚባለው። ዓይንዎን ጨፍነው ሸሃዳ ሲሉ አላየሁም? ያቆምኩት እኔ ነኝ! ዘልዬ፣ በታኮ! ጣቴ የቀረው እዚያ ነው!»

ጋሽ ቲጃኒ ፊቱ እንደ ደረሰ ቡና ቀላ። ሊረግጠው ፈለገ። ሰው ለመርገጥ ደግሞ መጀመሪያ እግሩን ወደ ራሱ መሳብ አለበት። ሳበ።

«አርባ ስምንት! ጎበዝ ቲጃኒ!»

ሁለቱም ስልኩን አዩት። ከዚያ ተያዩ። ቱሉ የሚያውቀው ማበረታቻ ስድብ መሆኑ አሁን ገባው።

እንግዲህ በጅማ ከተማ እንደዚያ ያለ ሕክምና ከዚያ በፊት አልታየም። በቀን ሦስት ጊዜ፣ ሠላሳ ሠላሳ ስድብ። ስድቡ ሁሉ በአንቱታ ነው፤ ቱሉ ጨዋ ሰው ነው። «እርስዎ ቀብቃባ!» ይላል። «የሰርቦ ነጋዴ ለሁለታችን የላከውን ጫማ ሁለቱንም ያደረጉ!» ይላል። ጎረቤት መጀመሪያ ሊያስታርቅ መጣ፤ በኋላ ወንበር ይዞ መጣ። አንዳንዱ «እስቲ ያን የአጋሮውን ድገምለት፣ በእሱ ስልሳ ገብቶ ነበር» ይል ጀመር። ሲያብጥ እትዬ ፈድሊያ በረዶ ታደርጋለች፣ ቱሉን ግን ዓይኑን አታየውም፤ ሰላምታውን እንኳ በግድግዳው በኩል ነው የምትመልሰው።

ሃያ ሁለት ዓመት የተጠራቀመ ንዴት ያልቃል ብሎ የፈራ አልነበረም። አላለቀም። ሰባ ገባ፣ ሰባ ስምንት ገባ። ሰማንያ አራት ላይ ቆመ። ሦስት ቀን ቆመ፣ አራት ቀን ቆመ። ቀኑ ደግሞ እያለቀ ነው። ቱሉ ያለውን ሁሉ ሰደበ፣ ሰማንያ አራት። ጋሽ ቲጃኒ ለምዶታል፤ እንዲያውም አንድ ጠዋት «ዛሬስ ምን ይዘህ መጣህ?» ብሎ አዛጋ።

ቱሉ ያን ቀን አልጮኸም። ሳጥኑ ላይ ቁጭ ብሎ መሬት መሬት እያየ ነበር የተናገረው።

«ትልቋ ልጄ የተወለደች ቀን ሰርቦ ነበርን። ሚስቴ ሁለት ቀን አምጣለች ብለው ላኩብኝ። አንድ ሰዓት መንገድ ናት፣ ያድርሱኝና ይመለሱ አልኩዎት። 'ልጅ ያለ ረዳት ይወለዳል፣ አንተ ጎማ ፍታ' አሉኝ። ፈታሁ። እርስዎ ሥጋ ቤት ገቡ።»

«ይሄን አታንሳ» አለ ጋሽ ቲጃኒ።

«አነሳለሁ። ስደርስ ልጅቷ ተወልዳለች። እናቲቱ ግን ያን ቀን 'ሰውዬህ ማነው፣ እኔ ነኝ ወይስ ያ ኤንትሬ?' ብላ ጠየቀችኝ። እስካሁን አልመለስኩላትም። እርስዎ ስሟን ያውቁታል? የልጄን ስም? አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ይንገሩኝ።»

ጋሽ ቲጃኒ ስሟን አያውቀውም። አለማወቁ ከስድቡ ሁሉ ባሰበት። «ዝም በል!» ብሎ ጮኸና እግሩን ሰብስቦ ለቀቀው። ቱሉ ሳጥኑን ያን ቀን ጠጋ አድርጎት ኖሮ ተረከዙ ደረቱ ላይ አረፈ፤ ቱሉ ከነሳጥኑ ወደ ኋላ ተገለበጠ።

«ዘጠና አንድ ዲግሪ! ቲጃኒ፣ በጣም ኮራሁብህ!»

ቱሉ ከወለሉ ተነሳ፣ ሱሪውን አራገፈ፣ ስልኩን ፈታ። «በቃ» አለ። «ዘጠና አንድ ነው። ከእንግዲህ ለብቻዎ ይሳቡ።»

ዶክተር ዮኤል ጋሽ ቲጃኒን አዲስ አበባ አስጠርቶ በዓይኑ አየ፣ በእጁ ለካ፤ የሚታጠፈው እግር የማን እንደሆነ ሁለቴ አረጋገጠ። ይንዱ አለ፣ ቀስ ብለው።

በጥር አንድ ጠዋት ሸራው ተገፈፈ። ጋሽ ቲጃኒ ማንም ሳይደግፈው ወጣ፤ ግራ እግሩ ቀስ በቀስ እየታጠፈ ገባ፣ ፍሪሲዮኑ ላይ አረፈ፣ ረገጠ። ኤንትሬው አስነጠሰ፣ ጭስ ተፋ፣ ተነሳ። ግቢውን ለቆ ወጣና አስፋልቱ አፍ ላይ ቆመ። ዛሬ ጭነቱ ሰርቦ ነው።

«ቱሉ! ና ውጣ እንጂ!»

ቱሉ መጣ። የመጣው ግን በሹፌሩ በር በኩል ነው። በሩን ከፍቶ ቆመ።

«ይጠጉ።»

«ምን?»

«ወዲያ ይጠጉልኝ። የተኛ ሰው መሪ አልወስድም ብዬ ነው እስካሁን ዝም ያልኩት። አሁን ቆመዋል፣ ነድተዋል፣ ፍሪሲዮን ረግጠዋል። ቃልዎን አሁን ነው የምጠይቅዎት።»

«ካልተጠጋሁስ?»

«ይንዱ። እኔ ቤቴ እሄዳለሁ። ጊቤ ላይ ታኮ የሚወሽቅልዎት ሌላ ሰው ይፈልጉ።»

ከኋላ አንድ አይሱዙ ጡሩምባ ነፋ። ሁለት ባጃጅ ጨመሩ። ከነሱ ኋላ አንዱ «ሽማግሌው፣ ወይ ሂድ ወይ ውረድ!» ብሎ ጮኸ። እትዬ ፈድሊያ የግቢው በር ላይ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ቆማለች። ጋሽ ቲጃኒ መሪውን በሁለት እጁ ጨብጦ ወደ ፊት አየ፣ ከዚያ ቱሉን አየ። ጥርሱ ሲንቋቋ ከሞተሩ ድምፅ በላይ ተሰማ።

«ስሟ ማነው?» አለ።

«የማን?»

«የልጅቷ ነዋ! ደንቆሮ!»

«ጫልቱ።»

«ጫልቱ» አለ፣ እንደ መራራ መድኃኒት። ከዚያም «ያ ረቢ፣ ምን ዓይነት ዘመን ላይ ጣልከኝ!» እያለ፣ እየተራገመ፣ የማርሹን ዘንግ አልፎ መቀመጫውን እየጎተተ ወደ ወዲያኛው ወንበር ተሻገረ። ቱሉ ወጣ። በሩን ዘጋ። መስታወቱን አስተካከለ። እጁን መሪው ላይ ገና ሳያሳርፍ ጋሽ ቲጃኒ ከጎኑ ጮኸበት፦

«ማርሹን አታንጫጫው! ከአሁኑ ነግሬሃለሁ!»